መሪና ተከታይ በመርሳ–ወልድያ መንገድ፦ የተሽከርካሪ መከተል ሞዴሎች የሚይዙትና የሚያመልጣቸው

ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በአብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ያለው አስፋልት ነው። በዚሁ መስመር ላይ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና፣ አይሱዙ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት አብረው ይጓዛሉ። መቅደም የሚቻለው አሻግሮ ማየት በሚቻልበትና ከፊት የሚመጣ በሌለበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ከጉዞው ረዘም ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሌላውን በመከተል ነው። የትራፊክ ፍሰት ንድፈ ሐሳብ «ተከታዩ መሪውን የሚከተለው በምን ሕግ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለጥያቄው የተሰጡት መልሶችም የተሽከርካሪ መከተል ሞዴሎች በሚል ስያሜ ይታወቃሉ።

ጉዳዩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። እነዚህ ሞዴሎች እንደ ሱሞና ቪሲም ባሉ የትራፊክ ሲሙሌሽን ሶፍትዌሮች ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። ሁለቱም ሶፍትዌሮች የተወለዱት በጀርመን ነው። አንድ የመንገድ መሐንዲስ ዳገት ላይ ለከባድ መኪና የሚሆን ተጨማሪ መስመር ያስፈልግ እንደሆነ፣ ወይም የባጃጅ ማቆሚያ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ይሠራ እንደሆነ በሲሙሌሽን ሊመረምር ሲነሣ፣ ሶፍትዌሩ የአሽከርካሪውን ጠባይ የሚገልጹ ቁጥሮችን ቀድሞ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ቁጥሮቹን ካልለወጣቸው፣ መርሳ ላይ የሚያሽከረክረው ሰው በጀርመን ፈጣን መንገድ ላይ እንደሚጓዝ ሰው ተቆጥሮ ውሳኔ ይሰጥበታል ማለት ነው። የሞዴሎቹ አወቃቀር ለዚህ መንገድም በአመዛኙ ይሠራል፤ የሚያሳስቱት ቁጥሮቹ ናቸው። ከሁሉም የባሰው ስሕተት ደግሞ ለሁሉም መሪና ለሁሉም ተከታይ አንድ አማካይ ቁጥር መስጠት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ስሌቶች ይህንኑ ለማሳየት የታሰቡ ናቸው።

ከቦቢን ሽቦ እስከ ክብ መንገድ

ሉዊስ ፓይፕስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረቡት ሐሳብ ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ብዙም የራቀ አልነበረም፦ በየ10 ማይል በሰዓት (በየ16 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ) ፍጥነት፣ በመሪውና በተከታዩ መካከል አንድ የመኪና ርዝመት ያህል ክፍተት ይኑር። ዋጋው ይህን ምክር ወደ እኩልታ መለወጡ ላይ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል የነበሩት ኸርማንና ሞንትሮል ከቻንድለር ጋር ሆነው ሁለት መኪናዎችን በሽቦ አገናኝተው በመሞከሪያ መንገድ ላይ አስነዱ። ሽቦው ከቦቢን ላይ ሲተረተርና ሲጠቀለል በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የፍጥነት ልዩነት ይለካ ነበር። (ሮበርት ኸርማን ከራልፍ አልፈር ጋር በ1948 ከጽንፈ ዓለም አጀማመር የተረፈ ጨረር መኖሩን አስቀድመው የተነበዩት የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ከዚያ ወደ መኪና ሰልፍ መምጣታቸው የወረዱ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የሰልፉን እኩልታ ለመፍታት ይሞክር።) ከልኬቱ የወጣው ሕግ የሚከተለው ነው፦

የተከታዩ ሽምጠጣ = የምላሽ ጥንካሬ × (የመሪው ፍጥነት − የተከታዩ ፍጥነት)

ሽምጠጣ የፍጥነት የለውጥ መጠን ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አሉታዊ ይሆናል። ከእኩልታው በስተግራ ያለው የአሁኑ ሽምጠጣ ሲሆን፣ በስተቀኝ ያለው የፍጥነት ልዩነት ግን ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረው ነው፤ አሽከርካሪው አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን እስኪያነሣ ጊዜ ያልፋል። የዚያ ሙከራ ስምንት አሽከርካሪዎች አማካይ መዘግየት 1.5 ሰከንድ ገደማ፣ አማካይ የምላሽ ጥንካሬያቸው ደግሞ በሰከንድ 0.37 ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው በሁለቱ ቁጥሮች ብዜት ላይ ነው። ብዜቱ ከ0.37 የማይበልጥ ከሆነ ተከታዩ ያለ ምንም መዋዠቅ ከመሪው ፍጥነት ጋር ይገጥማል። ከዚያ ከፍ ሲል ተከታዩ አንዴ እየቀረበ አንዴ እየራቀ ቆይቶ ይረጋጋል። ብዜቱ 0.5 ካለፈ ግን ሁለቱ ብቻቸውን ቢረጋጉ እንኳ ረጅም ሰልፍ አይረጋጋም፦ መሪው በትንሹ ፍሬን ሲነካ ሁለተኛው ጥቂት ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ ሦስተኛው ከዚያም ይብሳል፣ የሰልፉ ጅራት ላይ ያለው ፈጽሞ ይቆማል። በሙከራው የተገኘው 1.5 × 0.37 ከ0.55 በላይ ነው፤ ተራው አሽከርካሪ ከወሰኑ ጥቂት አልፎ ነው የሚነዳው ማለት ነው። በጃፓን ሱጊያማና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ በዓይን አሳየ። 22 መኪናዎች 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ እንዲጓዙ ተነገራቸው። አደጋ፣ መብራት ወይም ኩርባ አልነበረም። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ግን የቆሙ መኪናዎች ክምችት ተፈጠረና ከጉዞው በተቃራኒ አቅጣጫ በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ወደ ኋላ ይጓዝ ጀመር። መኪናዎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ መጨናነቁ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የመጀመሪያው እኩልታ ግልጽ ጉድለት ነበረው፤ ርቀትን አይጠይቅም። ሁለት መኪናዎች እኩል ፍጥነት ካላቸው፣ በመካከላቸው አንድ ሜትርም ይኑር አንድ ኪሎ ሜትር፣ ለእኩልታው ሁሉም ሰላም ነው። ጋዚስ፣ ኸርማንና ሌሎችም በ1959 እና በ1961 የምላሹን ጥንካሬ ለክፍተቱ በማካፈል ይህን በከፊል አረሙት። የተሻሻለው እኩልታም ግሪንበርግ በኒውዮርክ ሊንከን ዋሻ ልኬት ላይ ተመሥርተው ካወጡት የፍሰትና የእፍጋት ዝምድና ጋር ገጠመ። ዋሻው ውስጥ መቅደም አለመኖሩ ለእኩልታው ምቹ ነበር፤ በዚህ በኩል የመርሳ–ወልድያ ዳገት ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይልቅ ለዋሻው ይቀርባል።

ዛሬ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ትራይበር፣ ሄኔከና ሄልቢንግ በ2000 ያቀረቡት፣ «አስተዋይ አሽከርካሪ» ሊባል የሚችለው ሞዴል ነው። በዚህ ሞዴል አሽከርካሪው ሁለት ፍላጎቶች አሉት፦ ወደሚመኘው ፍጥነት መድረስና ከሚመኘው ክፍተት አለማነስ። ሽምጠጣው የሚወጣው ከሁለቱ ግብግብ ነው። የሚመኘው ክፍተት ሦስት ነገሮች ተደምረው ይገኛል፦ ቆመው ሳሉ የሚቀረው ርቀት፣ ፍጥነቱ በተወሰነ የጊዜ ክፍተት ተባዝቶ፣ እንዲሁም ተከታዩ መሪውን በሚደርስበት ፍጥነት ልክ የሚያድግ ተጨማሪ ርቀት። ደራሲዎቹ ለፈጣን መንገድ የተጠቀሙባቸው ቁጥሮች 2 ሜትር፣ 1.6 ሰከንድ፣ የሽምጠጣ መጠን 0.73 እና ምቹ የፍሬን መጠን 1.67 ሜትር በሰከንድ ካሬ ናቸው። የምኞት ፍጥነቱ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። ስለ ሲሪንቃ ኩርባዎች ሲታሰብ ከእነዚህ ቁጥሮች ፈገግ የሚያሰኘው የመጨረሻው ነው፤ ጉዳት የሚያደርሱት ግን ሌሎቹ ናቸው።

ማን ማንን ይከተላል

ጊፕስ በ1981 ያቀረቡት ሞዴል ከሌላ አቅጣጫ ይነሣል፦ ተከታዩ የሚመርጠው ፍጥነት፣ መሪው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሳይጋጩ ለመቆም የሚያስችለውን ነው። ይህ አመለካከት ለመርሳ–ወልድያ መንገድ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የመሪውንና የተከታዩን የፍሬን አቅም ለየብቻ እንዲጠቀስ ያስገድዳል።

አንድ ምሳሌ በስሌት ይታይ። መንገዱ 6 በመቶ ቁልቁለት፣ የሁለቱም ፍጥነት 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 13.9 ሜትር ይሁን። ሚኒባሱ በሜዳ ላይ በጠንካራ ፍሬን በሰከንድ ካሬ 6 ሜትር፣ የተጫነው ከባድ መኪና ደግሞ 3.5 ሜትር ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል እንበል። የመሬት ስበት በየ1 በመቶ ቁልቁለት 0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ስለሚቀንስባቸው፣ የሚቀራቸው 5.4 እና 2.9 ነው። የሚኒባሱ የመቆሚያ ርቀት 18 ሜትር፣ የከባዱ መኪና 33 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚኒባሱ አሽከርካሪ መዘግየት 1.2 ሰከንድ ይሁን። የከባዱ መኪና ፍሬን በአየር ግፊት የሚሠራ ስለሆነ አየሩ ቧንቧውን ተጉዞ ፍሬኑ እስኪይዝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ 1.8 ሰከንድ ይያዝለት።

ከባዱ መኪና ሚኒባሱን የሚከተል ከሆነ በመዘግየቱ ጊዜ 25 ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ በ33 ሜትር ይቆማል፤ ሚኒባሱ ከ18 ሜትር በኋላ ቆሟል። ስለዚህ በመካከላቸው ቢያንስ 40 ሜትር ያስፈልጋል። ቦታቸው ሲለዋወጥ፣ ማለትም ሚኒባሱ ከባዱን መኪና ሲከተል፣ 17 ሜትር በመዘግየት፣ 18 ሜትር በፍሬን፣ ተቀንሶ 33፤ የሚፈለገው ክፍተት 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ተሽከርካሪዎቹ፣ መንገዱም፣ ፍጥነቱም ያው ናቸው። ቅደም ተከተሉ ብቻ ሲለወጥ አስፈላጊው ክፍተት ከ20 እጥፍ በላይ ይለያያል። የሁለቱ አማካይ 21 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለሚኒባሱ አሥር እጥፍ ትርፍ ይሰጣል፣ ለከባዱ መኪና ግን የሚያስፈልገውን ግማሽ ብቻ። በአማካይ ቁጥር የተሞላ ሲሙሌሽን ሰልፉን በትክክለኛ ርዝመት ሊያሳይ፣ የመንገዱንም የማስተናገድ አቅም በቅርበት ሊገምት ይችላል፤ አደጋው የት እንዳለ ግን አይነግርም።

ለአሽከርካሪዎች የሚሰጠው «የሁለት ሰከንድ ርቀት ጠብቅ» የሚለው ምክርም በዚሁ ስሌት ይፈተናል። 40 ሜትር በዚያ ፍጥነት 2.9 ሰከንድ ነው። ምክሩ ለቤት መኪና በቂ ነው፤ ተጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ከባድ መኪና ግን አንድ ሰከንድ ያህል ይጎድለዋል። በተጨማሪም ስሌቱ ፍሬኑ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይገምታል። ከወልድያ በስተምዕራብ ወደ ጋሸናና ወረታ ከሚሄደው፣ በቻይናውያን ከተሠራው መንገድ የሚመጣ መኪና ረጅሙን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ ይደርሳል፤ የያዝነው 3.5 የነበረውም 2.5 ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው። ማርሽን የሚያስገባ የመከተል ሞዴል ግን እምብዛም አይገኝም።

ዳገቱና ሰልፉ

መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ፣ ወልድያ ደግሞ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው 30 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። 400 ሜትር ለ30 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 1.3 በመቶ ይመጣል፤ በዚህ ዳገት ምክንያት የሚዘገይ መኪና የለም። እዚህም አማካዩ ያታልላል። መንገዱ ሜዳውን በሜዳነቱ አልፎ ከፍታውን የሚያገኘው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ ሰልፍ የሚፈጠረውም እዚያ ነው።

አጠቃላይ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ ባለተሳቢ መኪና 7 በመቶ ዳገት ሲወጣ፣ ስበትና የጎማ መንከባለል ተደምረው ወደ 31 ሺህ ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ 280 ኪሎ ዋት ያመነጫል እንበል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በ2000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛው ይጎድላል። (ተርቦ ያለው የሚያጣው ያንሳል።) በማርሽና በዲፈረንሻል የሚባክነው ሲቀነስ ጎማው ላይ 200 ኪሎ ዋት ቢደርስ፣ መኪናው ሊጓዝ የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት 6.4 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ይህ የአሽከርካሪው ምርጫ አይደለም፤ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦትም ያው ነው። አስተዋይ አሽከርካሪ ሞዴል ውስጥ ያለው የምኞት ፍጥነት ግን ምኞት ነው። ስለዚህ ለከባድ መኪና በምኞቱ ቦታ ከዳገቱ፣ ከጭነቱና ከከፍታው የሚሰላ የአቅም ጣሪያ መግባት አለበት።

ከዚህ መኪና ኋላ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚመጡ ሌሎች አሉ። በየሰዓቱ 120 ተሽከርካሪ ቢያልፍ፣ በየኪሎ ሜትሩ 2 ተሽከርካሪ ይኖራል። ከባዱ መኪና ከእነርሱ በ37 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚዘገይ በመሆኑ በሰዓት 74 ተሽከርካሪ ይደርስበታል። ዳገቱ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ለመውጣት 13 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ 16 ተሽከርካሪዎች ከኋላው ይሰለፋሉ። 120 ተሽከርካሪ በሰዓት በየትኛውም መመዘኛ የተጨናነቀ መንገድ አይባልም። የመንገድ አቅምን ብቻ የሚያሰላ ጥናት «ችግር የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ የሰልፉ 16ኛ አሽከርካሪ ግን በዚህ አይስማማም።

ሰልፉ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ሞዴሎቹ ከሚሉት ይለያል። እኩልታዎቹ ተከታዩ መከተልን እንደ ተቀበለ አድርገው ያስባሉ። ሊቀድም ያሰበ አሽከርካሪ ግን ክፍተቱን ያጠባል፤ ወደ መሐል መስመሩ ወጣ ብሎ አሻግሮ ያያል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። የእርሱ 1.6 ሰከንድ ወደ 1 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከእርሱ ኋላ ያለውም ቀዳሚው ሲወጣ እርሱም ሊወጣ ስለተዘጋጀ እንዲሁ ያጠባል። በአንድ አሽከርካሪ ላይ ሁለት የጊዜ ክፍተቶች መኖራቸውን፣ አንዱ ለመከተል፣ ሌላው ለመቅደም መጠባበቂያ፣ መቀበል የተሻለ ይመስላል። ቪደማን በካርልስሩኸ በ1974 ያቀረቡት፣ ዛሬም የቪሲም መሠረት የሆነው ሞዴል የአሽከርካሪውን ሁኔታ በደረጃ ስለሚከፍል ለዚህ ዓይነቱ ጭማሪ ቦታ አለው። ከላይ የተጠቀሰው የመረጋጋት ወሰንም እዚህ ላይ ይመለሳል፦ የተጨናነቀ ሰልፍ ውስጥ የገባ ከባድ መኪና መዘግየቱ 1.8 ሰከንድ፣ የምላሽ ጥንካሬው እንደ ሌሎቹ 0.37 ቢሆን ብዜቱ 0.67 ይደርሳል። አንድ እንዲህ ያለ መኪና በሰልፉ መሐል መኖሩ ከኋላው ያሉት ሁሉ ጠንካራ ፍሬን እንዲይዙ ያደርጋል።

ሞዴሉ ድንጋይ አሳልፎ ሲያይ

ከሁሉም በላይ ዝም ተብሎ የሚታለፈው ግምት ተከታዩ መሪውን ያያል የሚለው ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ይህ ግምት ሊነሣም የማያስፈልግ ነው። በሐብሩ ኩርባዎች ላይ ግን መሪው ከተራራው ጎን ኋላ ያለ ጋሪ ሊሆን ይችላል።

አሽከርካሪው በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየመጣ ነው፣ ጋሪው በ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። በ2000 የታተሙት ቁጥሮች ሲገቡ የሞዴሉ የምኞት ክፍተት 144 ሜትር ይሆናል፦ 2 ሜትር የመቆሚያ፣ 27 ሜትር የጊዜ ክፍተት፣ 115 ሜትር ደግሞ ከፍጥነት ልዩነቱ የሚመጣ። ሞዴሉ ከዚያ ርቀት አንሥቶ ቀስ እያለ ፍሬን ይይዛል፤ ሲሙሌሽኑም ያለ አደጋ ያልፋል። መንገዱ ላይ ግን የዕይታው ርቀት 60 ሜትር ቢሆን፣ አሽከርካሪው ከዚያ በፊት የሚያየው የተራራውን ጎን ብቻ ነው። በ60 ሜትር ላይ ሞዴሉ በድንገት ጋሪውን እንዲያይ ቢደረግ 3.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ፍሬን እንዲያዝ ይጠይቃል። ሚኒባስ ይህን ያደርገዋል፤ ተሳፋሪው ከመቀመጫው ቢንሸራተትም ጋሪው ይተርፋል። ቁልቁለት ላይ ያለው ከባድ መኪና ያለው አቅም ግን 2.9 ብቻ ነበር። መዘግየቱ ተጨምሮ ወደ ጋሪው ፍጥነት ለመውረድ 68 ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልገዋል። ያለው 60 ነው።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሲሙሌሽን የዕይታ ርቀት እንደ መንገዱ ስፋትና ዳገት ሁሉ ቦታ በቦታ መግባት አለበት፤ መሪው ከዕይታው ርቀት ውጭ ሲሆን ተከታዩ ባዶ መንገድ ላይ እንዳለ ይቆጠር። የዚህ ጭማሪ ስሌት ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የኩርባዎቹን ዕይታ በእግር ሄዶ መለካት ስለሚጠይቅ ነው።

ከተማ ውስጥ ሲገባ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። መርሳም ሆነ ወልድያ ዋናው ጎዳና የከተማው ዋና መንገድ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፣ ጠባብ ስለሆነም ከመስመሩ ጠርዝ ግማሹን ብቻ ይይዛል። ኋላው ያለው ሚኒባስ ሙሉ በሙሉ አይከተለውም፤ በከፊል ይከተለዋል። በግራው በኩል ደግሞ ሌላ ተሽከርካሪ ስላለ ሁለት መሪዎች አሉት። በህንድ ከተሞች ትራፊክ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ለዚህ የሚሆን መንገድ አሳይተዋል፦ መሪው የተከታዩን ስፋት ምን ያህል ይሸፍናል የሚለውን ክፍልፋይ ወስዶ የምላሹን ጥንካሬ በዚያ ማባዛት። ሐሳቡ ለወልድያም የሚስማማ ይመስላል።

ምን ይለካ፣ በምን

ከላይ የቀረቡት የፍሬንና የመዘግየት ቁጥሮች በምሳሌነት የተያዙ ናቸው። የመንገዱ የራሱ ቁጥሮች የሚገኙት ከልኬት ነው፤ ልኬቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ሽምጠጣ ከቦታ ልኬት ሲወጣ ስሕተቱ ያብጣል። በየ0.1 ሰከንዱ በተነሣ ቪዲዮ የእያንዳንዱ ቦታ ስሕተት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ከሦስት ተከታታይ ነጥቦች የሚሰላው ሽምጠጣ 24 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ይሳሳታል፤ ይህም መኪና ሊያሳየው ከሚችለው ሁሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሞዴልን ከሽምጠጣ ጋር በቀጥታ ማመሳከር ከንቱ ነው። የተሻለው መንገድ የመሪውን የተለካ ጉዞ ለሞዴሉ ሰጥቶ፣ ተከታዩን ከመነሻ እስከ መድረሻ በሲሙሌሽን አስጉዞ፣ የተገኘውን ክፍተት ከተለካው ክፍተት ጋር ማነጻጸር ነው። የስልክ ጂፒኤስም ለዚህ ሥራ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ፍጥነትን በጥሩ ሁኔታ ይለካል፣ በሁለት ስልኮች መካከል ያለውን ክፍተት ግን በብዙ ሜትሮች ሊያዛባ ይችላል፤ የሚፈለገው ደግሞ ክፍተቱ ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ድሮን ይጠቀማሉ። ካለፉት ዓመታት ጦርነት በኋላ በሰሜን ወሎ ሰማይ ላይ የሚታይ ድሮን ለነዋሪው የምርምር መሣሪያ አይመስለውም፤ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሕዝብን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ደግነቱ አሽከርካሪውን የሚያስቸግረው ተራራ ለለኪው ይመቸዋል። ከመንገዱ በላይ ካለ ኮረብታ ላይ በእግር የሚቆም አንድ ካሜራ፣ አስፋልቱ ላይ ርቀታቸው አስቀድሞ በሜትር ከተለካ ምልክቶች ጋር፣ የአንድን ዳገት ወይም ኩርባ ጉዞ ከላይ ወደ ታች ይይዛል። ነዋሪው ለምን እንደተተከለ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሁሉንም የመሪና የተከታይ ጥምረት ለመለካት መሞከር አያስፈልግም። አምስት ዓይነት ተሽከርካሪ ቢወሰድ ጥምረቱ 25 ነው፤ አንዳንዱን ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል። ከላይ ያለው ስሌት ቅድሚያ የሚገባቸውን ራሱ ይጠቁማል፦ ቁልቁለት ላይ ሚኒባስን ወይም ባጃጅን የሚከተል ከባድ መኪና፣ እንዲሁም ዳገት ላይ ከባድ መኪናን የሚከተል ሚኒባስ። የመጀመሪያው የግጭቱን፣ ሁለተኛው የሰልፉን ነገር ይወስናሉ። በሁለቱም ላይ ከባዱ መኪና ተጭኖ እንደሆነ ወይም ባዶ እንደሆነ መመዝገብ ያሻል። ጭነት አራግፎ የሚመለስ ባለተሳቢ መኪና ክብደቱ ወደ 15 ቶን ቢወርድ፣ ያው ሞተር ያንኑ 7 በመቶ ዳገት ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ ሰልፍ አይመራም፣ በሰልፍ ውስጥ ተራ ተከታይ ይሆናል። በሸራ የተሸፈነን ጭነት ከካሜራ ለመለየት አስቸጋሪ ከሆነ፣ የጎማዎቹ መጨቆንና ዳገት ላይ የሚይዘው ፍጥነት ይናገራሉ። ከተለካው ፍጥነት ተነሥቶ የመኪናውን የጉልበትና የክብደት ንጽጽር ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል፤ ለዚያም ከላይ የተጠቀሰው የ31 ሺህ ኒውተን ስሌት ተገልብጦ መሠራቱ ይበቃል።